ዋይፋዩና የብረት ሳጥኑ

ዘመኑ 2016 ዓ.ም. ነው፤ እኔም ሰባ ሁለት ዓመቴ። ዕድሜውን አስልቶ የነገረኝ ልጄ ነው፤ ስወለድ የጻፈ ሰው ስለሌለ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ደብረ ማርቆስ፣ ልጄ በሠራው ቤት ውስጥ፣ ለብቻዬ ተቀምጬ ነበር። ተቀምጬ ነበር እላለሁ እንጂ ተቆልፌ ነበር ብል ይሻላል።

እኔ የዲማ ገበሬ ነኝ። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥሬአለሁ፤ ዳዊት ላይ ስደርስ አባቴ ሞተና ሞፈር ጨበጥኩ። አማርኛ ቀስ እያልኩ አነባለሁ፤ ይኸንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። የፈረንጅ ፊደል ግን አላውቅም፤ ላውቅም ፈልጌ አላውቅም። ከተማ የገባነው በባለቤቴ ምክንያት ነው። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት እየገፋ ትንፋሿን ሲያሳጥርባት ልጄ «ሐኪም ቤት ቅርብ ሁኑ» አለን፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ መጣሁ።

በዚያ ዓመት ልጄ እናቱን ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ወሰዳት። እኔም ልከተል ተነሥቼ ነበር። ቤት ባዶውን አይደር ተባለና ቀረሁ። እነሱ እንደ ሄዱ መንገድ ተዘጋ። ወደ አዲስ አበባ መኪና የለም፣ ወደ ዲማም መኪና የለም። ከመሸ ከደጅ መውጣት አይቻልም። የስልክ ኢንተርኔት የሚሉትም ጠፍቶ ነበር፤ የሚሠራው በሽቦ ቤት የገባው ብቻ ነው ይሉ ነበር። ይኸኛው ለእኔ ምኔም አልነበረም። የእኔ ስልክ ቁልፍ ያላት ናት፤ ድምፅ ካመጣች ትበቃኛለች።

ኋላ ግን ድምፅም አልበቃኝ አለ። ቀዶ ጥገናው በደኅና ተሠራ፤ እንቅርቱ ወጣ። ነገር ግን ባለቤቴ ስትነቃ ድምፅዋ አብሮ ሄዷል። ሐኪሙ «ይመለሳል፣ ለጊዜው ግን እንዳትታገል፣ አትናገር» ብሏል አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከምሳ ሰዓት በፊት ልጄ ደወለ።

«አባዬ፣ እማዬ አንድ ነገር እየጠየቀችን ነው። አልገባንም።»

«ምን ትላለች?»

«አትልም እኮ። በእጇ ነው። ጭኗን ታሻለች።»

«ያማታል ይሆናላ።»

«ያምሻል ወይ ስንላት አይ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ሐኪሙም አየው፣ እግሯ ምንም የለበትም አለ። እሷ ደግሞ ታሻለች። ሳይገባን ሲቀር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሾርባውንም እንቢ ብላለች።»

«ውኃስ?»

«በማንኪያ ትንሽ። ዛሬ ካልበላች ነገ በአፍንጫዋ ቱቦ እናስገባለን ብለዋል። እሱን ደግሞ ስታይ እጃቸውን ገፋችው።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግ አልኩት። አደረገ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። ትንፋሿ ብቻ መጣ። ስትናገር የማላስጨርሳት ሴት ናት፤ ያን ቀን ምናልባት አንድ ቃል ይወጣት ይሆናል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ትንፋሽ ብቻ።

ልጄ ስልኩን መልሶ ያዘና «ኮምፒውተሩ ላይ ይዩዋት። እርስዎ ካዩዋት ይገባዎታል» አለኝ። «እኔ እዚህ የምቀመጠው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠያቂ ያስወጣሉ።»

ኮምፒውተሩን ትቶልኝ የሄደው ለዚሁ ነበር። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ሳይሄድ በፊት አስቀምጦኝ «ይቺን ይጫኑ፣ ከዚያ ይቺን፣ እኛ እንታይዎታለን» ብሎ አሳይቶኛል። በመሐሉ ለብቻዬ ከፍቼው ነበር፤ አልታይ ሲሉኝ ነካክቼ ነካክቼ ዘግቼዋለሁ። ምን እንደ ነካሁ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ዋይፋዩ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የሚከተለው ነገር አይያዝም።

በጓሮ ባለችው ክፍል የምትኖር አንዲት ተከራይ አለችን። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ጽሑፍ የምትተይብበትና ፎቶ ኮፒ የምታነሣበት ሱቅ ነበራት፤ ያን ሰሞን ሱቁ ዝግ ስለሆነ ቤት ነው የምትውለው። ባለቤቴ እዚህ ሳለች ዋይፋዩን ፈቅዳላት ነበር። እነሱ ከሄዱ በኋላ ነጯ ዕቃ፣ ኢንተርኔቱን የምታወጣው ማለቴ ነው፣ ግድግዳው ላይ ቀንም ሌትም እየተርገበገበች አየኋት። እኔ አልነካኋት፣ ታዲያ ማን ነው የሚቀዳው አልኩ። ይቺ ሴት እንዲህ ስትቀዳው ከርማ፣ ልጄ በደወለ ቀን ደርቆ ሊጠብቀኝ ነው አልኩ። ስለዚህ ዕቃዋን ከግድግዳው አወረድኳት። ብነቅላት መብራቷ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ሽቦው የሚገባው በመኝታ ቤቱ መስኮት ነውና ወደዚያ ወሰድኳት፤ አልጋው ሥር ያለው የብረት ሳጥን ጀርባው ዝጎ ተበስቷል፤ በዚያ ሽቦዋን አሾልኬ፣ እንደ ተሰካች ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኳትና ቆለፍኩባት። ቁልፉን ወገቤ ላይ አሰርኩት።

በማግስቱ ተከራይዋ መጣች።

«አባባ፣ ዋይፋዩ ጠፋብኝ።»

«የቤቱ ነገር የቤቱ ነው» አልኳት።

ቆማ አየችኝና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ደኅና አደሩ ብቻ ነው የምንባባለው።

በሳጥኑ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። የባለቤቴ ልቃቂት፣ ፈትላ የጠቀለለችው ክር ነው፤ ቅርጫት ሙሉ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ። እንቅርቱ ሲብስባት ጊዜ መፍተል ጀመረች። ለምንድን ነው አላልኳትም፤ አውቀዋለሁ። በእኛ አገር ያረጀች ሴት መገነዣዋን በእጇ ታሰናዳለች፤ ባለቀች ጊዜ ሰው እንዳይቸገርላት። ያን ቅርጫት ማየት አልወድም። ዓይኔን ዞር አድርጌ ነጯን ዕቃ ከላዩ ላይ ጣልኩና ክዳኑን ዘጋሁ።

እንግዲህ ልጄ በስልክ ይመራኝ ጀመር። ስልኳን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል አጣብቄ ያዝኩ፤ አንገቴ እስኪደርቅ።

«ዕቃዋ ቦታዋ ናት?» አለ።

«ናት።»

«መብራቷ አረንጓዴ ነው?»

«ነው።»

ቦታዋ የት እንደ ሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩ። መብራቷንም ሄጄ አላየሁም፤ ትናንት አረንጓዴ ነበረች።

«ከታች በቀኝ በኩል፣ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ የምትመስል ምልክት አለች?»

«የለችም። ድቡልቡል ነገር ናት ያለችው።»

«ይጫኗት እስቲ። የሰፈር ሰው ዋይፋይ ስም ይወጣል?»

«አይወጣም።»

«አባዬ፣ የነኩት ነገር አለ?»

«ጥቂት ነካክቻለሁ።»

መቀበያውን ራሱን አጥፍተውታል አለኝ። የፈረንጅ ጽሑፉን ስለማላነብ በቦታ በቦታው እየነገረኝ ሄድን፤ የግራውን፣ ከሱ ሥር ያለውን፣ አሁን ባለ ጥርሷን። አንዱን ስስት እንደገና ከመጀመሪያ። ጀርባዬ ላብ በላብ ሆነ። አጨዳ ውዬ እንዲህ አልሆንም። በመጨረሻ አንድ ነገር ስጫን ገጹ በሙሉ ጨለመና በመሐሉ አንዲት ትንሽ ሳጥን ወጣች፤ ከሷ በቀር ሌላ የትም አልነካም አለኝ።

«ጨለመ» አልኩት።

«ጥሩ ነው። ፈቃድ እየጠየቀ ነው።»

«ማንን?»

«አስተዳዳሪውን።»

«አስተዳዳሪው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

«እኔስ?»

«እርስዎ… ተጠቃሚ ነዎት።»

«ቤቱን የሚጠብቀው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት አባዬ። ይኸ እኮ ዝም ብሎ ነው፣ ነገር እንዳይበላሽ ብዬ…»

«በሬ ስጠምድ ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። አሁን ቃሉን እነግርዎታለሁ፣ ይጽፉታል፣ ይከፍትልናል።»

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ደጁ ላይ መንገዱ ዝግ ነው። በሩን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ፤ መስኮቱ ብረት አለው። ያቺ ትንሽ ሳጥን ደግሞ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ አላሳልፍህም ትለኛለች። ወዴት ይኬዳል።

«ቃሉ ምንድን ነው?» አልኩት።

እያመነታ «ዳልቻ» አለኝ።

«የቱ ዳልቻ?»

«በሬያችን ነዋ።»

ያ በሬ ከሞተ ቆየ፤ ረስቼዋለሁ። ልጄ ለትምህርት ወደ ከተማ ሲወጣ እኔን እጅ ነሣኝ፤ በሬውን ግን አንገቱን አቅፎ ነው የተሰናበተው። ያን ዕለት ይኸ ልጅ ምን ሆነ ብዬ ነበር።

«እንዴት ነው በፈረንጅ የሚጻፈው?» አልኩት።

ፊደሎቹን አላውቃቸውምና በመልክ ነገረኝ። መጀመሪያ የተለጠጠ ቀስት፣ ሆዱ ወደ ቀኝ። ከዚያ የጎጆ ጣሪያ፣ በመሐሉ ማገር ያለው። ቀጥሎ ዱላ ቆሞ፣ ከሥሩ እግር የዘረጋ። ማጭድ። አንድ እርከን ብቻ ያለው መሰላል። እንደገና ጣሪያው። እያንዳንዱን ፈልጌ በአንድ ጣት ወጋሁ። የጻፍኩትንም አያሳየኝም፤ ለእያንዳንዱ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ጣል ያደርግልኛል። ልክ ይሁን ስህተት በምን ልወቅ።

«ምን አለ?» አለ ልጄ።

«ቀይ ጽሑፍ አመጣ።»

«እንደገና ይሞክሩ። ቀስ ብለው።»

ቀስ አልኩ። ቀይ ጽሑፍ። ደግሜ ቀስ አልኩ። ቀይ። ቀስቱ ይኸኛው ነው ወይስ ያኛው ብዬ ጠየቅሁ፤ ነው፣ እሱ ነው አለኝ። ደግሞ ቀይ። አሁን ደግሞ ቃሉን የምጽፍበት ቦታ ራሱ ጠፋ።

«ቆይተህ ሞክር እያለ ነው» አለ ልጄ፤ ገጹን ሳያይ በግምት። ከጀርባው የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ የሐኪም ቤቱ አስታማሚ ነች፣ የባለቤቴን እግር ልታሽላት መጥታ ባለቤቴ እጇን እየመለሰችባት ነው አለኝ። «አባዬ፣ እዚያ የሚያውቅ ሰው የለም?»

«የለም» አልኩና ዘጋሁት።

ተቀመጥኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። እሷ አዲስ አበባ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፣ እኔ እዚህ ግድግዳ አያለሁ። የሚያውቅ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። በጓሮ በኩል ሰፌድ ሲወዛወዝ ይሰማኛል። ለዚያች ሴት የቤቱ ነገር የቤቱ ነው ብያለሁ፤ ያልኩትን ነገር መልሼ አላውቅም፤ ባለቤቴ በዚህ ነው የምትስቅብኝ። ሰዓቱን አየሁ፤ ዘጠኝ አልፏል። ጋቢዬን ደረብኩና በጓሮ በኩል ወጣሁ።

ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«አባባ፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«ኮምፒውተር ታውቂ የለም።»

«እንጀራዬ ነበር።»

«እንግዲያው ነዪና እዪልኝ።»

ምስሯን መልቀም አልተወችም። «የቤቱ ነገር የቤቱ አይደለም እንዴ?»

«ብያለሁ።»

«ዛሬስ የማን ሆነ?»

«የሴትዮዋ» አልኳት። ስለ እጇ፣ ስለ ሾርባው፣ ስለ ቱቦው ነገርኳት። ሳልጨርስ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሣች፤ ቀሚሷን አራግፋ ቀድማኝ ገባች።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። አንዴ አየችውና በጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

«ይቺ መብራት ለምን በራች?»

«የቷ?»

በስተግራ ካሉት ቁልፎች በአንዷ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች መብራት በርታለች። ስነካካ አብርቻት ይሆናል። እሷ ከበራች ቁልፉ ትልልቁን ፊደል ነው የሚጽፈው፣ ቃሉ ደግሞ በትንንሹ ነው የተመዘገበው አለችኝ። ስለዚህ ሁሉንም በትክክል ስጽፍ ውዬ ሁሉም ስህተት ነበር። አንዴ ተጫነቻት፤ መብራቷ ጠፋች። የቃሉ ቦታም እስካሁን ተመልሶ ነበር።

«አሁን ቃሉን ይንገሩኝ።»

«አልነግርሽም። ልጄ ለእኔ ነው የነገረኝ።»

«አባባ እኔ እኮ ልረዳዎት ነው።»

«ይሁን። ቃሉ ግን የእሱ ነው።»

ሣቀች። «እሺ፣ ዞርኩ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ቀስት። ጎጆ። ድምፅ አውጥቼ ኖሯል።

«ማጭድ… ማጭድ የት ሄደች…»

«አባባ፣ ቃል ነው የሚጽፉት ወይስ አጨዳ ሊወጡ ነው?»

«ዝም በይ፣ ታስቺኛለሽ።»

መሰላሉን አገኘሁ፣ ጣሪያውን ጨረስኩ። ገጹ በራ። ከዚያ በኋላ እሷ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አደረገችና ያቺ ድቡልቡል ነገር ጠፋች፤ ስሞችም ተዘረዘሩ። የጎረቤት ነው፣ የማዶው ፎቅ ነው እያለች አነበበችልኝ። ፊቴ ፈካ።

«የእናንተ ግን የለም» አለች። ወደ ግድግዳው ቀና ብላ አየች። ሚስማሩ ብቻውን ነው። «ዕቃዋ የት ናት?»

ሚስማሩን እኔም አየሁት።

«አባባ?»

ከወገቤ ቁልፉን ፈታሁ። ወደ መኝታ ቤት ስሄድ ተከተለችኝ። ተንበርክኬ ሳጥኑን ሳብኩና ከፈትኩት። እፍን ያለ ሙቀት ወጣ። ነጯ ዕቃ እንደ ምጣድ ግላለች፤ መብራቷም ቀይ ሆኗል። ሽፋኑ ጨርቅ ተንሸራቶ ሽቦዋ ከልቃቂቱ ጋር ተጠላልፏል። እጄን ስሰድ ልቃቂቱ ዶሮ የታቀፈችው እንቁላል መስሎ ሞቋል።

ተከራይዋ ከላዬ ቆማለች። «አባባ፣ በብረት ውስጥ ሆኖ አይወጣም እኮ። አስረውት ነዋ የከረሙት።»

«መብራቷ ካልጠፋ ይበቃል ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ ከላይ የተቋረጠ መስሎኝ።»

ሽቦውን ልትለይ ወደ ልቃቂቱ እጇን ሰደደች። «አትንኪው» አልኳት፤ ጮኽ ብዬ ሳይሆን አይቀርም። እጇን መለሰች። ቅርጫቱን አየችው፣ ነጩን ጨርቅ አየችው፣ ከዚያ እኔን። ሽቦውን ከክሩ እኔው ስለይ ቆየሁ፤ ጣቴ ወፍራም ነው፣ አንዱን ፈትል በጠስኩ። ኋላም አንድ ልቃቂት ሽቦዋ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ዕቃዋን አንሥተን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥናት። ትንፋሿን ትሰብስብ አለች ተከራይዋ፤ ነቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ መልሳ ሰካቻት። ቀይ። ቀይ። ቆይቶ አረንጓዴ።

ልጄ ጋ ስንደውል አሥር ተኩል ሆኖ ነበር።

ገጹ ላይ መጀመሪያ ጣሪያ መጣ፣ ከዚያ የልጄ አገጭ፣ ከዚያ እሷ። ትራስ ላይ ተደግፋለች። አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። እንቅርቱ ሳይኖር አይቻት አላውቅም፤ ስናገባም ትንሽ ነበራት። ሌላ ሴት መሰለችኝ። ዓይኗ ግን የራሷ ነው። አየችኝ፤ አየችና አፏን ከፈተች፤ ልጄ «እማዬ አትናገሪ» አላት። አፏን ዘጋች።

«አሳዪኝ» አልኳት።

ቀኝ እጇ ወደ ጭኗ ሄደ። መዳፏ ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ጉልበቷ ተንሸራተተ። ደግማ መለሰችው፣ እንደገና ተንሸራተተ። ልጄ «ይኸው ነው አባዬ፣ ይኸን ነው የምታደርገው» አለ። እሱ ያየው ቀኙን ነው። እኔ ግን ግራዋን አየሁ። ግራ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ነው፣ በቁስሉ ምክንያት ከፍ ማድረግ አትችልም፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ግን ገጥመዋል፣ በመሐላቸው ቀጭን ነገር እንዳለ። ምንም የለም። እየፈተለች ነበር። እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሾራለች፣ ክሩን በግራ ትይዛለች። ስንት ዓመት እፊቴ ተቀምጣ ያደረገችው ነው።

ወንበሬን ወደ ገጹ አስጠጋሁ።

«ገባዎት?» አለ ልጄ።

ገባኝ ብለው፣ እናትህ መገነዣዋን ጠየቀች ልለው ነው። አልገባኝም ብለው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ልታዞር፣ ነገ ቱቦ ሊያስገቡባት ነው። ወደ በሩ አየሁ። የምወጣበት የለም። ሁለቱም ያዩኛል፤ ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች ትመረምረኛለች።

«ልቃቂቱን ነው?» አልኳት።

ራሷን ወደ ታች አደረገች፤ አዎ። ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች፣ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚያደርገው።

«አለ» አልኳት። «ሳጥኑ ውስጥ ነው። ማንም አልነካውም። ይቆይልሻል።»

ይኸን ስል ጣቷን አነሣችና አወዛወዘች። አይደለም። እንደገና አወዛወዘች፣ በቁጣ። እንደዚያ የምታደርገው በሬውን በቦታው ሳልጠምድላት ስቀር ነው። ተከራይዋ ከጎኔ ሄዳ ነበር፤ አሁን ከመኝታ ቤት ስትመለስ አንዱን ልቃቂት፣ ሽቦው ላይ የተንጠለጠለውን፣ በሁለት እጇ ይዛ መጣችና ገጹ ፊት አስቀመጠችው። አትንኪው አላልኳትም።

ባለቤቴ ልቃቂቱን አየች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች፤ ግራው መንገድ ላይ ቀረ፣ ቀኙ ደረሰ። የሆነ ነገር እንደ ደረበች ሰው በደረቷ ላይ አጣጠፈች። ከዚያ ጣቷን ዘረጋች። ወደ እኔ።

«እኔን ምን?»

ደገመችው። ትከሻ። ደረት። ጣት ወደ እኔ፤ አሁን ጣቷ ወደ ትከሻዬ ዝቅ አለ። ወደ ትከሻዬ አየሁ። ጋቢዬ በዚያ በኩል ሳስቶ ተበጣጥሷል፤ ሸሚዜ በቀዳዳው ይታያል። ከክረምት ጀምሮ እንዲያ ነው።

«ጋቢ አለኝ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

«ያ ላንቺ ያሰናዳሽው ነው እኮ።»

ራሷን ነቀነቀች። መዳፏን አገላበጠች፣ እኛ አገር የለም ሲባል እንደሚደረገው። የለም። ቀርቷል። ከዚያ በጣቷ ፋሻዋን ነካች፣ እንቅርቱ ወጥቷል እንደ ማለት፤ መልሳ ወደ እኔ ጠቆመች። ሣቀችም፤ ድምፅ የሌለው ሣቅ ነው፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሣቀው።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የምትለው?» አለ ልጄ።

«ጋቢ ነው» አልኩት። «በፈተለችው ጥጥ ጋቢ አሠራ እያለችኝ ነው።»

«ይኸው ነው? ስንት ቀን ሙሉ ስለ ጋቢ ነው?»

«ስለ ጋቢ ነው።»

ፈትሉ አስቀድሞ ለምን እንደ ነበረ አልነገርኩትም። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም፤ ይኸን ሲያነብ ያውቀዋል። ተከራይዋ በተከፈተው በር ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ዞራ የዕቃዋን መብራት ታያለች፤ መብራቱ ደኅና ነበር።

«ሾርባውን ጠጪ» አልኳት ባለቤቴን።

ጣቷን አነሣች፤ ቆይ። በጣቷ ወደ ልቃቂቱ፣ ከዚያ ወደ ውጭ።

«ነገ ጠዋት ሸማኔው ጋ እወስደዋለሁ።»

አላመነችኝም። እኔ እሺ ብዬ የማስቀምጠውን ነገር ታውቃለች።

«ነገ ጠዋት አልኩሽ። አሁን ጠጪ።»

ልጄ ማንኪያውን አቀረበላት። ስትውጥ ፊቷ ተኮማተረ፤ ያማታል። ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛው አፏ ላይ ሳለ ምስሉ ድርቅ ብሎ ቆመ፤ ማንኪያው በአፏ፣ የልጄ እጅ በአየር ላይ። እጄ ወደ ቁልፎቹ ሄደ።

«አባባ፣ አይንኩት» አለች ተከራይዋ። «ይመለሳል።»

እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። እሷ ማንኪያውን አፏ ላይ እንደ ያዘች እኔን እያየች ቆየች፤ እኔም እሷን እያየሁ ቆየሁ። ወዲያ ወዲህ የሚል ነገር የለም። ከዚያ ተመለሰ፤ ሳህኑ ጎድሏል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነና ልጄን አስወጡት፤ ገጹ ጠፋ።

ተከራይዋ ልቃቂቱን ከጠረጴዛው አንሥታ እጄ ላይ ሰጠችኝ። «ሳጥኑስ? ዕቃዋን ይመልሷታል?» አለችኝ።

«መስኮቱ ላይ ትሁን።»

«ዋይፋዩ ያልቃላ።»

«ይለቅ» አልኳት። ምስሯ ዶሮ እንዳይበላባት እየሮጠች ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ቅርጫቱን ከሳጥኑ አወጣሁ። ነጩን ጨርቅ አጥፌ መልሼ ሳጥኑ ውስጥ አኖርኩት፤ ሳጥኑን ግን አልቆለፍኩትም። ልቃቂቱን በባለቤቴ ነጠላ ቋጥሬ ወጣሁ። ዋናው መንገድ ገና ዝግ ነው፤ በመንደሩ ውስጥ፣ በአጥሩ ሥር ሥር እየተጠጋሁ ሸማኔው ደጅ ደረስኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መወርወሪያውን እየወረወረ ነበር። ቋጠሮውን ፈትቶ ልቃቂቱን በመዳፉ መዘነና «ጥሩ ፈትል ነው፤ ለማጉ ይበቃል፣ ድሩን ከሱቅ ያምጡ» አለኝ። «ለማን ነው?»

«ለእኔ» አልኩት። ከጉድጓዱ ወጣ፤ አሮጌውን ጋቢዬን አውልቄ ቆምኩለት፣ በክንዱ ከትከሻዬ ወደ ታች ለካኝ።